ሰጋቱራ

ቅዳሜ ነው። ከጅሬን ወዲያ
ሰማዩ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤
እኔ ከግንዱ ሆድ ውስጥ
ሦስተኛውን እግር ፍለጋ፣
ስለቴ ዋንዛውን ይልጋል።

ልጄ ረውዳ ገባች፣
ጥቅል ወረቀት ከብብቷ፤
ካምፓስ ሕንፃ ከሚማሩት
አንዷ ናት፣ ሦስተኛ ዓመቷ።

“አባ፣ ሞዴሉን ሰኞ አስረክባለሁ፤
እየው፣ የጥንት ሮማ አምፊቲያትር።”
ክብ ነው ልል ስል እንቁላል ሆነብኝ፣
ዙሪያ ግድግዳው በር በበር።

ሰማንያ ቅስት ከታች ብቻ፣
በየበሩ ግንባር ቁጥር አለው፤
ሃምሳ ሺህ ሰው ገብቶ ይወጣል አለች
ማንም ማንንም ሳይረግጠው።

የኛ ስታዲየም በጨዋታ ቀን
ባንድ በር ስንቱ እንደሚጋፋ አስታውሼ
“ጎበዞች ናቸው” አልኳት፣
መሮዬን ጭኔ ላይ አብሼ።

እኔ ግን የመቀመጫ ሰው ነኝ፤
አርባ ዓመት በርጩማ ጠረብሁ፤
ከቅስቱም ከበሩም አልፌ
“ማን የት ይቀመጣል?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ሹሙ ከታች ነው፣ እብነ በረድ ላይ፣
አሸዋውን ሊነካ በእግሩ፤
ድሃው፣ ባሪያው፣ ሴቱ፣ ከላይ ከጫፉ፣
እንጨት ላይ ነው መደርደሩ።”

ሳቅሁ። እኛ ዘንድ እንጨት
ለሽማግሌ ተወልውሎ ይቀርባል፤
እዚያ ከፍ ብሎ የተቀመጠ
ከሰው በታች ይባላል።

“አሸዋውስ ምን ያደርጋል?” አልኳት።
ጎንበስ ብላ ሰጋቱራ ዘገነች፣
በጣቶቿ መሃል አፈሰሰችው፤
“ደም እንዲመጥ ነው፣ አባ” አለች።

“የሰው ደም፣ የአውሬ ደም።
ሲጨቀይ ጠርገው ያወጣሉ፣
አዲስ ይነሰንሳሉ፣
ሌላ ሰው ያስገባሉ።”

እግሬን አየሁት።
ከጠዋት ጀምሮ ሰጋቱራ ላይ ነው የቆምኩት፤
ባለፈው ሐምሌ አውራ ጣቴን ስቆርጠው
በዚሁ ነበር ደሜን የሸፈንኩት።
ትንሽ ነበር።

“ሰጋቱራ ራሱ የነሱ ልጅ ልጆች ቃል ነው” አለች፣
“ፒንሳም።” አላውቅም ነበር።
አባቴ ፈረንጅ አራዳ ላይ ድንጋይ ያመላለሰላቸው
በጉልበት ነው፣ ያለ ደሞዝ፣ ያለ ስም፤
እነሱ ከሄዱ ስንት ዘመን፣
ቃላቸው ካፌ አልወጣም።

ሥዕሉን አቀረብኩት። ቀዳዳ በቀዳዳ።
“ምን በላው? ድንጋይ ነቀዝ አለው እንዴ?”
“ብረት ነበረው ድንጋዩን ያሰረ፤
ኋላ የመጣ ፈልፍሎ ወሰደ።”
ድንጋዩንም ለቤት፣ ለቤተ መቅደስ፣
እንደ ካባ እየፈነቀሉ ኖሩ።
ደግ አደረጉ አልኩ በልቤ፤
ለመሞቻ ከተጠረበ ድንጋይ
አንድ ማጀት እንኳ ከወጣ ከግንቡ ዳሩ።

ጭንቋ ሌላ ነው። የካርቶን ቅስቷ
ሙጫው ሳይደርቅ እየዘመመ፣
የመሃሏ ድንጋይ ሳትገባ
አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ እያጋደመ።
“ስትገባማ ይደጋገፋሉ፤
እስክትገባ ግን ማን ይያዘው?”
“እንጨት” አልኳት፣
“እንጨት ነው የሚይዘው።”

ከቁራጭ ዋንዛ ግማሽ ክብ ቀረጽኩ።
ከሥር ሰደድኩት። ላዩን ደረደረች።
የመሃሏን አስገባች።
“በይ አውጪው።”
ትንፋሿን ውጣ ሳበችው።
ቆመ።

ሰማንያውም፣ ከነሱ በላይ ያሉትም፣
እያንዳንዱ በር
መጀመሪያ እንጨት ነበር።
አንድ ጠራቢ ልኩን ወስዶ፣
ድንጋዩን በእንጨት ጀርባ የተሸከመ፤
ሥራው ተነቅሎ፣ ተፈልጦ፣
ላንድ ማታ ነዶ የከሰመ።
ስሙን የጻፈ የለም። ግን ያ ባዶ፣
ብርሃን ሾልኮ የሚታይበት፣
ሰው አንጋጦ የሚደነቅበት፣
ልኩ የእንጨቱ ነው።

ዝናቡ መጣ። ሞዴሏን በላስቲክ ጠቅልላ
ረውዳ በባጃጅ ሄደች።
ግማሽ ክቧ ዋንዛ
ሰጋቱራው ላይ ቀረች።
በርጩማው አንድ እግር ይቀረዋል።
ሰኞ ያዘዘው ሰው ሲመጣ፣
አርባ ዓመት ያልጠየቅኩትን፣
ማን እንደሚቀመጥበት
ልጠይቀው።