አንገተ ጠባቡ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከሆቴሉ ጓዳ፣
ብርጭቆ አጥባለች አንጓች ለእንግዳ፤
ረጅሙን፣ ስሱን፣ እግረ ቀጭኑን፣
የሙሽራ ከንፈር ቀለም የነካውን፤
ትደፋው ነበረ ከሥሩ የቀረውን፣
ምን ምን እንደሚል እንኳ ሳታውቅ ጣዕሙን።

እኔም ባሏ፣ ከዚያው ከባንኮኒው ጀርባ፣
ለሰው ሠርግ፣ ለሰው ሹመት ቡሽ ስነቅል ኖርሁ፣
አንድ ጠርሙስ ይዤ ቤቴ ሳልገባ።

ዛሬ ጡረታ ወጣች። ጎንደር መብራት የለም።
ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣
ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬው ዋልሁ፣
«የወገራ ነፋስ፣ አደራህን» ብዬ።

መራራው ጠብታ፣ የፈረንጁ፣ ከየት ይምጣ?
ጌሾ ነው፣ በአረቄ ሳምንት የዘፈዘፍሁት፤
ሦስት፣ ከስኳሩ አንኳር ላይ። ሦስት ብቻ።
አራት ካደረጉት ጠላ ነው የሚወጣ።
ኮኛክ አንድ ማንኪያ፣ ከልጃችን ሠርግ የተረፈ።

ብርጭቆስ? ያን ሁሉ አጥባ፣ ለራሷ አንድ የላትም።
ያለን ብርሌ ነው። ስኳሩ በአንገቱ አልገባም።
«አይ የባር ሰው!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ፣
በጥርሷ ሰበረች፣ ጌሾው ፊቷን ቋጠረው፣
ግማሹን ለብርሌው፣ ግማሹን አጎረሰችኝ።

ቡሹን በፎጣ አፍኜ በቀስታ ነቀልሁት፤
ሰሞኑን «ጧ» ያለ ሁሉ ሰፈር ያስደነግጣል።
እፎይ ብሎ ወጣ፣ እንደ ደከመ ሰው።
አረፋው በአንገቱ፣ አንድ በአንድ፣
እንደ መቁጠሪያ ሽቅብ ይወጣል።

«ምን ምን ይላል?» አልሁ። ዝም አለች። ደገመች።
ብርሌውን ላነሣ ስል፣ ለማጠብ፣ እጄን ያዘች፦
«ተወው» አለች፣
«ዛሬስ ሳይታጠብ ይደር።»