አስተርጓሚ ሰባት መቶ አራት

ከቤተ መጻሕፍቱ ግንብ ሥር፣ መኪናዬን ጥግ አቁሜ፣
ሾልኮ የወጣውን ዋይፋይ፣ እንደ ቃርሚያ ለቅሜ፣
«አስተርጓሚ ሰባት መቶ አራት፣ መስመር ላይ ነኝ» እላለሁ።
ስም አይጠየቅም። የት ነሽ የሚልም የለም፤ እኔም እተወዋለሁ።

ትናንት ሶልት ሴንት ማሪ፣ ዛሬ ዋዋ፣
ከነገ ወዲያ ማኒቶባ፤
ጎማ ላይ ኗሪ።

ሐኪሙ ካልጋሪ። ታማሚዋ ወይዘሮ ትርንጎ፤
ድምፃቸው ይደርሰኛል፣ ሳሉ ግማሹን ሸሽጎ።
«ያመኛል» ሲሉኝ፣ «ያመኛል» እላለሁ በእንግሊዝኛ፤
ደንቡ ነው። እኔ ጤነኛዋ፣ ለሩብ ሰዓት በሽተኛ።

ሐኪሙ ወረቀት ገለጠ። «ውጤቱ መጥቷል» አለ።
«ውጤቱ መጥቷል» አልኩኝ።
ከዚያ ዋይፋዩ ከዳኝ፤ ድምፁ ሁሉ ተነቀለ።

ዋዋ ማለት በአገሬው ቋንቋ ዝይ ነው ብለውኝ ነበር፤
በኔ ጆሮ ግን ዋ! ነው፣ ደግሞም ዋ!
ቀድሞ የተነገረኝ ነገር።

ሞተር አስነሥቼ ከነፍኩ፣ እስከ ብረቷ ዝይ፣
ክንፏን ዘርግታ ከማትበረው፣ ከአውራ ጎዳናው ላይ።
እዚያ ኔትወርኩ ሁለት ዘንግ ነው።
«ጥሪው ተዘግቷል» ይላል ስክሪኑ። «ቀጣዩን ይቀበላሉ?»
ተቀበልኩ። የጥርስ ቀጠሮ፣ የመብራት ሒሳብ ነው ሁሉ።

ትርንጎን ሌላ ቁጥር ይዟቸው ይሆናል።
መጠየቅ ክልክል ነው።

ማታ ኒፒጎን ደርሼ፣ የነዳጅ ስከፍል፣
ልጁ «እንዴት ነሽ?» ቢለኝ ድንገት፣
«እንጃ» አልኩት፤
«ገና አልነገሩኝም፣ የምርመራዬን ውጤት።»