ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ

ቡሬ፣ በሽንዲ መንገድ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣
አንድ ወፍጮ ቤት አለ፣ ቆርቆሮው ዱቄት አዝሎ፤
ከጀርባው ጠባብ ክፍል፣ አሮጌ ጆንያ የሞላባት፣
እዚያ ነው የተገናኘን፣ ያለ ደወል፣ ያለ ሰዓት።

አራት ነን።
ሦስታችን ሸብተናል፤ ሽባባው ግን ተላጭቷል፣
ለምን እንደተላጨም መላው ቡሬ አውቆበታል።

እንዳላማው ሳክስፎን ነው። በክፍለ ጦር ባንድ ኖሮ፣
ጡረታ የወጣ ለት፣ የነሐስ አፉን በነጠላ አስሮ
አልጋ ሥር ከተተው። ሚስቱ ናት በየፋሲካ
በሎሚ የምትወለውለው፤ እሱ በእጁም ሳይነካ።

ሽባባው ማሲንቆ። ስንት ሠርግ፣ ስንት የጠጅ ቤት ሌት
በአንዲት ክር ፈርዶ ያደረ፤ ዛሬ ሽቦ ገባበት፤
የስልክ ማዳመጫ ፈልቅቀን፣ በማስቲካ ተጣብቆ፣
"ድምፄን ጅብ አደረጋችሁት" ይላል፣ እስኪያነባ ስቆ።

ልየው ድራም ነው፤ ሁለት በርሜል፣ አንድ ጎላ፣
ሲምባሉ የሲኖ ጎማ ክዳን፣ የተገኘ ከጋራዥ ኋላ።
ቀን ቀን ወፍጮ ያስፈጫል፤ የቀበቶውን ርግጫ
ሃያ ዓመት በእግሩ ሲቆጥር፣ ማታ ነው ያገኘለት መውጫ።

እኔ ጊታር። የሆቴል ኪቦርድ ሳስጮህ፣ ብቻዬን ባንድ ሆኜ፣
ስንቱን ሙሽራ አስገብቻለሁ፣ የሰው ዜማ ለምኜ!
ጊታሩን የገዛሁት ባሕር ዳር ነው፣ በሁለት ወር ብድር፤
አንዱ ክሩ የብስክሌት ፍሬን፣ የማይታመን ምስክር።

ሮክ ነው የምንጫወተው ስንል፣ ትርጉሙን ማን ጠየቀ?
ሽባባው "ድንጋይ ማለት ነው" ሲሉት፣ እንደ ልጅ ፈነደቀ፦
"ድንጋይማ የኛ ነው! ማሳችን የሚያበቅል
ከዘር ይልቅ ድንጋይ አይደል?"

የመጀመሪያዋን ዜማ ስንጀምር፣ መብራት ሄደ።
ልማዱ ነው።
ዝም አልን። ጨለማው ከጣራው ወረደ።
ልየው በማኖቬላ የናፍጣውን ሞተር ቀሰቀሰ፤
ሞተሩ ተነሣ፣ ጉልበቱ ግን ለሁለት አነሰ፦
ወይ ድንጋዩ ይዞራል፣ ወይ የኛ ሽቦ ይጮኻል፤
ደጅ ላይ ደግሞ ወረፋው፣ ስልቻ ታቅፎ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው ፊት፣ ሦስት ቁና ዳጉሳ ይዘው፣
"ነገ ደቦ አለብኝ" አሉ፣ በሩን በክርናቸው ከፍተው፤
"ሙዚቃ ቢያድር አይነቅዝም፤ የደቦ ዱቄት ዛሬ ነው።"

ምን ይባላል?

ሽቦውን ፈታን። ድንጋዩ ዞረ።
ልየው በጣቱ ጫፍ፣ በርሜሉ ላይ፣ ከወፍጮው ጋር ቆጠረ፤
ያለ መብራት፣ ያለ ስፒከር፣ ሽባባው ክሩን ሳበ፣
እንዳላማው ነጠላውን ፈቶ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፤
እኔም በዚያ በፍሬን ሽቦ ከሥራቸው ገባሁ፣
ወፍጮው በጮኸ ቁጥር፣ እንዳልሰማ ሰው እየመታሁ።

ፈንታነሽ ሒሳብ ከፍለው፣ ስልቻ አዝለው፣ አልሄዱም።
"ከዚህ የባሰም ሰምቻለሁ" አሉ፤
ከዚህ በላይ ማድነቅ አይወዱም።

ሌሊት ወጥተን በባትሪ ብርሃን ስንተያይ፣
ሽባባው እንኳ ነጭ ፀጉር አብቅሏል፣ ከመላጣው ላይ።
"ዱቄት ነው" አለ እንዳላማው፣ ራሱን እያራገፈ፤
አራገፈ፣ አራገፈ፣
ዱቄቱ ብቻ ረገፈ።