የሽታሁን አፍንጫ

አፉላ ዳርቻ፣ ጋራዦቹ መሀል፣
የሱፍ ፍሬ ሲቆላ መንደሩን ያውዳል።
አጎቴ ሽታሁን አይሸተውም ምንም፤
ሃያ ዓመት ቀለም ረጭቶ፣ ያለ አፍ መሸፈኛም።
«ስም ያወጣችልኝ እናቴ ብትሰማ
ትስቅ ነበር» ይላል ከመኪና ሆድ ሥር፣ ከዚያ ከጨለማ።

እሁድ ጠዋት መጣች ወይዘሮ ኢሎና፣
ትራያምፍ እየነዳች፣ የስድሳ ሰባት መኪና፤
ሸራ ክዳኗ ታጥፎ፣
ቀይ ነበረች ድሮ፣ አሁን ፀሐይ በልቷት ወይባ።
«ጭስ ይገባል» አለች፣ «ዓይኔ አለቀ በእንባ።
ነፋስ ሞልቶ ሳለ፣ ጣሪያ እንኳን ሳይኖራት፣
ይሄ ሁሉ ጭስ ታዲያ ከየት ነው የመጣባት?
ሐሙስ ቤት ሸአን ደርሼ ራሴን ከፈለኝ፤
የልጅ ልጄን አስመለሰው፤ አባቱም ‹ሽጪያት› አለኝ።»

ማርሚታው አጠገብ አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤
«እምብዛም አይሸት፣ ቀላል ነው» ብዬ ሳቅሁ።
ካቻቢቴውን ጣለው።
«ዘርፌ፣ ስሚኝ እስቲ።
የሚሸተው ጭስ ደግ ነው፣ በር የሚያንኳኳ እንግዳ።
ገዳዩ የማይሸተው ነው፤ መልክ የለው፣ ዳና የለው፤
እዚያ ላይ አንቺም እኔም እኩል ነን፤
አፍንጫ ዋጋ የለው።»

ከዚያ በክንዱ ነፋሱን እንደ ወንዝ አሳየኝ፦
«መኪና ስትሮጥ ኋላዋ ባዶ ይሆናል፤
ባዶ ደግሞ ይጠራል።
ያወጣችውን መልሳ ትጠጣለች፤
ሰው አይደለችም እንጂ፣ ሰው ብትሆን ትታማለች።»

በሳሙና ውሃ መጋጠሚያውን ቀባን፤
አረፋው እንደ ጥጃ አፍ ተነፋ።
አንድ ጓርኒሲዮን ለወጥን። አልበቃም።
የኋላው ኮፈን ጠርዝ ላይ ዱቄት ነሰነስን፣
ዘጋን፣ ከፈትን፤
ጎማው ዱቄቱን ስሞታል ከዳር እስከ ዳር፣
ከግራው ጥግ በስተቀር።

«ግቢ» አለኝ።
ከውትድርና ከተመለስኩ ወዲህ
እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰማሁም።
ተጠቀለልኩ። ኮፈኑ ተዘጋ።

ጨለማ። ቤንዚን፣ ዝገት፣ የሻገተ ምንጣፍ፣
የሟች ባሏ አንድ የቆዳ ጓንት፣ የግራው ብቻ።
ከውጪ አጎቴ የእጅ ባትሪ ይዞ ይዞራል፤
እኔ ከውስጥ እጠብቃለሁ።
መጀመሪያ ምንም።
ቀጥሎ፣ ከፍሬን መብራቱ ሥር፣
አንድ ክር ብርሃን።
ቀጥሎ ሌላ፣ ሽቦ በሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ጎማው በተበላበት።
ሦስተኛዋ የመርፌ ዓይን የምታህል፣
መጥታ ጉልበቴ ላይ አረፈች።
ጭሱ የገባባቸውን በሮች ሁሉ
ብርሃን ገብቶ ቆጠራቸው።
«እዚህ!» እያልኩ በጡጫ መታሁ፤
እሱም ከውጪ በጠመኔ ከበበ።

ጎማ ቆረጥን፣ ደፈንን፣ አዲስ ጠርዝ ሰፋን፤
ማጣበቂያው ጣቶቼ ላይ ሦስት ቀን ከረመ።
የጭስ ማውጫውን ጫፍ በስንዝር አስረዘምነው፣
ትንሽ ወደ ጎንም አጎነበስነው፤
«ነውሯን ራቅ አድርጋ ትጣል» አለ አጎቴ።

ረቡዕ ማታ ወጣን በጊልቦዓ መንገድ፤
እሱ መሪ ይዞ፣ ኢሎና ከጎኑ፣ እኔ ከኋላቸው።
ዘጠና ስንደርስ፣ ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳይነቅል፣
«ምን ይሸታል?» አለ።
«ገለባ። ዛሬ የታጨደ።»
«ቀጥዪ።»
«የሞሻብ በረት። እርጥብ አፈር፣ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ማሳ።
ኢሎና የላጠችው ብርቱካን።»
«ጭስስ?»
«የለም።»

ኢሎና ሻርፗን ፈታች፤ ነጭ ፀጉሯ ተበተነ።
ምንም አልተናገረችም።
ሥራው አልቋል፤ መመለሻችን ማዞሪያው ጋ ነበር፤
ማዞሪያውን አለፍነው።
ሽታሁን እግሩን ከነዳጁ ላይ ሳያነሳ፣
«ሌላስ?» አለ። «ሌላስ ምን አለ?»