ይርሳው፣ ዐሥራ ሰባት ኪሎ

ሽምብጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ መስኮቱ ሐይቁን ያያል፤
እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ዐይኔ ስክሪን ላይ ይውላል።
ሥራዬ ማመን አይደለም፤
ዲስኩ «ጻፍኩ» ሲለኝ «እስቲ አሳየኝ» እላለሁ፤ አላምነውም።

እጽፋለሁ፤ በመሐል ሶኬቱን እነቅላለሁ፤
አስነሥቼ አነብባለሁ፤
እንደጻፍኩት ካገኘሁት አረንጓዴ፤
አንዲት ፊደል ከጎደለች ቀይ።
ደግሞ እንደገና፤ ትናንት ያለፈው ዛሬም ያልፍ እንደሆን ልይ።

«ትናንት ሠርቶ የለም ወይ? ምን አስጨነቀሽ ዛሬ?»
ትለኛለች ጎረቤቴ። መልሱ ረጅም ነው፤
ይጀምራል ከአንድ የዓሣ ወሬ።

ከወደቡ ዳር፣ ከማኅበሩ ሚዛን አጠገብ፣ በኅዳር፣
አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር፤ መዝገቡ እሱ ውስጥ የሚያድር።
ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ይርሳው ሙጬ ታንኳውን አስሮ መጣ፤
ቀረሶ፣ ዐሥራ ሰባት ኪሎ፣ ውሃው ከክንፋቸው ሳይወጣ።
መዝጋቢዋ እንጉዳይ ቁልፉን ተጫነች። «ተጽፏል» አለ ማሽኑ።
ከዚያ መብራት ሄደ፤ እንደ ልማዱ፣ እንደ ቀኑ።

በማግስቱ ሊቀበል ቢመጣ፣ ስሙ የነበረበት ረድፍ
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ የባዶ ሰልፍ።
«ሲጻፍ አይቻለሁ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።
«ማሽን ይዋሻል እንዴ?» ማንም አልመለሰለትም።

ዋሸ ማለት ይከብዳል። በመዳፉ ይዞት ነበር፤
ወደ ዲስኩ ሳያሻግር።
«ደረስኩ» ብሎ እንደሚደውል ሰው፣ ገና ሐሙሲት ሳለ፣
ሊጽፍ ማሰቡን «ጻፍኩ» አለ።

እናቱ ናቸው «ይርሳው» ብለው ስም ያወጡለት፤
ምን እንዲረሳ እንደሆነ ማን ያውቃል? ምናልባት ከእሱ በፊት
የሞተ ልጅ፣ የፈረሰ ቤት።
ዲስኩ ግን ትእዛዝ መሰለው።
ረሳው።

ገንዘቡን ማኅበሩ ከፈለ፣ በእንጉዳይ ምስክርነት።
እኔ ያን ሌሊት ጻፍኩ ፈተና ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ሰው በሌለበት ቢሮ፣ አንዲት ማጥፊያ ቋ ትላለች፤
ይርሳው ሙጬ ዓሣ ያስመዝናል፤ መብራት ይቆረጣል፤
ይበራል፤ ይነበባል፤ ይደለዛል፤ ደግሞ ያስመዝናል፤
አርባ ሺህ ጊዜ ዐሥራ ሰባት ኪሎ፤ የትኛው ገበያ ይችለዋል?

እሱ አያውቅም። ታንኳውን ትቶ፣ መረቡን ለአማቹ ሰጥቶ፣
ከጊዮርጊስ ዓባይ ማዶ ባጃጅ ይነዳል፣ ጡሩምባ ነፍቶ።
አንድ ቀን ጫነኝ። ብር ሰጠሁት። መልሱን ሲቆጥርልኝ
«ስምህን አውቀዋለሁ» ልለው ፈልጌ አፌን ያዘኝ።

ዛሬ ማታ አንማው አዲስ ኮድ አስገባ፤ ደስ ብሎት ሄደ፤
«በእጥፍ ፈጠነ!» አለኝ፤ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።
አየሁት። የነቀለው አንድ መስመር ነው፣ አንዲት ቃል፣
«ቆይ፤ እስኪደርስ ጠብቅ» የምትል።
ትርፍ መስላዋለች።
ማን ይፈርድበታል? በዚያ ኅዳር እሱ ተማሪ ነበረ፤
የይርሳውን ፊት አላየ፣ ከሚዛኑ ሥር የቀረ።

አሮጌ ስሕተት እንቦጭ ነው፤ ስትነቅለው የሄደ ይመስላል፤
ሐይቁ ይጠራል፤ ሰው ያጨበጭባል፤
አንዲት ሥር ቀርታ ከሆነ፣ ክረምቱን ጠብቃ ትመለሳለች።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት።
ከመስኮቱ ሥር ውሃው ድንጋዩን ይልሳል።
ሁለት መቶ ዐሥር፦ አረንጓዴ።
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ፦ አረንጓዴ።
ከዚያ ቋ።
ጠበቅሁ። ማሽኑ ተነሣ፤ መዝገቡን ገለጠ፦

ይርሳው ሙጬ፣ ቀረሶ፣ ዐሥራ ሰ

ነጠላዬን አንሥቼ ነበር፤ ወንበሩ ላይ መልሼ ጣልኩት።
ስልክ ደወልኩ። «አንማው፣ ተኝተሃል?» አልኩት።