የሽታ እራት

«የእሳት እራት» ብለን ስም አወጣንለት፣
ከመብራት ሥር ወድቆ ስላገኘነው ሌት።
እኔ ግን ስምንት ዓመት ወጥመድ ስሰቅልለት፣
አንድ ቀን ለነበልባል ሲሞት አላየሁት።
የሚሞተው ለሽታ ነው። ለአንዲት ጠብታ፣
ጎማ ላይ ለጣልናት፣ ለሌለች ሙሽራ ሽታ።

አያ ሙሄ ሽፋው፣ ከሐርቡ ግርጌ ያረሰ፣
የወጥመዱን ባልዲ ከፍቶ አጎነበሰ።
ተከምሯል ከሥሩ ዱቄት የመሰለ፣
ሚዜ ያልተከተለው፣ ክንፉ የዛለ።
«ሐዋዬ» አለኝ፣ አንዱን በጣቱ ቆንጥሮ፣
«ይህ ሁሉ ጎረምሳ በጎማ ሰክሮ?
እኛስ እሺ ሰው ነን። የሱ ግን ጭንቅላት
በየት በኩል ቻለው ይህን ሁሉ ስሕተት?»
«ከጤፍ እምብዛም አይበልጥም» አልሁት።
«ጤፍም ግብር ይከፈልበታል» አለኝ።

ልጆቹ ናቸው ማሽላውን ከእምብርቱ የሚበሉት፣
ተምች የምንላቸው።
አባትየው ቅጠል አይነካም። ያሸትታል፣ በቃ።

ሐሙስ ነው። ኮምቦልቻ። መብራት ሄዶ መጣ።
ነጂብ ሐረጎን ወርዶ፣ ሣጥን ተሸክሞ መጣ።
አንዱን ወንድ በሰም ያዝነው፣
በወርቅ ሽቦ ወጋነው፣
ቅኔ አይደለም፣ ሰሙም ሰም ነው ወርቁም ወርቅ፤
ሽቦው የገባው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

«ስሚ» አለኝ።
የቢራ ፋብሪካውን ብቅል ነፋበት። ሣጥኑ ዝም።
የቆዳ ፋብሪካውን፣
ሚኒባስ ሙሉ ሰው አፍንጫ የሚያስይዘውን። ዝም።
የቦርከናን ጭቃ። ዝም።
የእሷን ጠረን፣ ኖረ አልኖረ የማይባል፦
ጠጠጠጠጠጠጠጠ
በረዶ በቆርቆሮ ላይ።

ቀንዱ ላይ ፀጉር አለ፣ ፀጉሩ ላይ ቀዳዳ፣
በዚያች ትገባለች ያልተጠራች እንግዳ።
ውስጥ የወይን ዘለላ የመሰለ ጉብታ፣
ፍሬው ሁሉ የቆመ ለየራሱ ሽታ።
አንዱ ፍሬ ግን አብጧል፣ ወንዱ ዘንድ ብቻ፣
ዳስ ነው፣ ለአንዲት ሙሽራ የተጣለ።
ያውም ቅመሟ በልኩ ከሆነ፤
እጅሽ ትንሽ ካዳላ፣ አንዱ ከሌላው ከበዛ፣
ዳሱ ይፈርሳል፣ ሙሽራው መንገዱን ይቀጥላል።

ለነጂብ አልነገርሁትም።
ለአያ ሙሄም።
የዛሬ ሁለት ዓመት ያ ትኩሳት ሲለቀኝ፣
ሽታ የሚሉት ነገር የውሃ ሽታ ሆነብኝ።
ሳሙናው ዝም።
የልጄ አናት፣ ከእንቅልፍ ስትነሣ፣ ዝም።
ወተት ሲያር የማውቀው በዓይኔ ነው።
በቆዳ ፋብሪካው በር ስናልፍ
ሰው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ሲሸፍን
እኔም እሸፍናለሁ፣
ለይሉኝታ።

ነጂብ ሽቦውን እየጠቀለለ ስለ በረራው አጫወተኝ።
ሽታ ወንዝ አይደለም አለ፣ ብጥስጣሽ ነው፣
ነፋስ እንደ አሮጌ ጨርቅ የበጣጠሰው።
ብጣሹን ሲያገኝ በነፋሱ ፊት ይወረወራል።
ሲጠፋው ግን አይመለስም፤
ቀኝ ይላል፣ ግራ ይላል፣
ጨለማውን እንደ ጆንያ ይሰፋል።
«ስንት ጊዜ?» አልሁት።
«ምኑ ስንት ጊዜ?»
«ሳያገኝ፣ ቀኝ ግራ የሚለው።»
«እሱን አልለካነውም» አለ፤
ሣጥኑን ዘጋ፤ የደሴ መኪና እንዳያመልጠው ሮጠ።

አመሻሽ ላይ ተመለስሁ ማሽላው ዳር።
አያ ሙሄ ትል የገባበትን ቅጠል ሰንጥቆ
አፍንጫዬ ሥር ያዘው። «የታመመ ቅጠል
ሽታው ሌላ ነው፣ አይደለም?»
«አዎ» አልሁት።

ባልዲውን ቆጠርን። አርባ ሰባት። ጻፍሁ።
ነፋሱ ከጨፋ በኩል መጣ፣
ምን ይዞ እንደሆነ እንጃ፤
ዓይኔን ጨፈንሁ፣
ቀኝ አልሁ፣
ግራ አልሁ።
«አንቺ፣ ራስሽን ምን ነካው?»
«ነፋሱ ነው፣ አያ ሙሄ» አልሁት፣
አሁንም ወደ ቀኝ።