ቁጥር አሥራ ሰባት

ጉም ደብረ ሲናን ሲያለብስ፣ አስፋልቱ ሲጠፋ ከዐይን፣
በጋሽ ቀጸላ ሱቅ መብራት ነበር የምንሄደው፣ ሳንቲማችንን ቆጥረን።
ማስቲካውስ ሁለቴ ሲያኝኩት ሰም ነው፤
ልባችን መጠቅለያው ውስጥ፣ ካርዱ ላይ ነው።

ባንዱ መርከብ ነበረች፣ ጭሷ ወደ ግራ የሚያዘነብል።
ባሕር አናውቅም፤ ከጣርማ በር ቁልቁል
የተኛውን ጉም ነበር "ባሕር" የምንል።

ጀርባዋ ላይ በቀይ፦ "ጎህን ያኘከ ሰው
ጥርሱ በረዶ ነው፣ ትንፋሹ ናና ነው።"
ፋብሪካው ስሙን ሁለቴ ጽፏል፤ ሠዓሊው አንዴም አልጻፈ፤
ያን ሰማያዊ ቀብቶ፣ ዝም ብሎ አለፈ።

ሃያ አራት ነው ተብሎ፣ ሃያ ሦስት ሰበሰብኩ።
አሥራ ሰባትን ስፈልግ መንጋጋዬን ጨረስኩ።
እሸቴ "ጋሽ ቀጸላ ደብቆት ነው" ብሎ ማለ፤
ዛሬ ሳስበው ግን፣
እንድንገዛ ተብሎ ነው ቁጥሩ የጎደለ።

ባለፈው ሰብሳቢ መጣ፣ ከሸገር፣ ማጉያ መነጽሩን ይዞ፤
ማዕዘን ማዕዘኑን ለካ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ተክዞ።
መርከቧን ሲገለብጣት ፊቱ ጠቆረ፦
"ተጽፎባታል እኮ! ዋጋዋ ተሰበረ።"

የጋሽ ቀጸላ እጅ ነው፦ "ወይዘሮ አስካለ፣
ላምባ ግማሽ ሊትር፣ ሳሙና ሁለት፤ ለፋሲካ ልትከፍል።"
እናቴ ናት። ከፍላ ስታበቃ፣ ወረቀቱ ይቀደዳል ስንል፣
"እንቺ፣ መርከብሽ" አለኝ፣
ዕዳውን ባንድ መስመር ሰርዞ።

ሃያ ሁለቱን ሸጥኩለት።
እሷን ወደ ጣሳዋ መለስኳት።
መኪናውን ጣርማ በር ጫፍ ላይ ጉሙ ዋጠው፤
ጥሩንባው ብቻ ሁለቴ፣ ረጅም አድርጎ፣
ተሰማኝ ከላይ።